ጥያቄው ተጠየቀ፤ መልሱስ?

(ለገጻችን ተከታታይ ወጣቶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ብዙ አላስረዝምም። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ከዚያ ኮሜንት ላይ ገብታችሁ ሞግቱኝ።

ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ላንሳ። አንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ማይኩን ይከፍታል። ሚኒስትሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። "ሕዝብ እየተገደለ፣ እየታገተ፣ እየተፈናቀለ እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው?" ይላል። ቪዲዮው ተቆርጦ ይወጣል። ማታ ፌስቡክ ላይ ነው፣ ቴሌግራም ላይ ነው፣ ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ተደርቦበታል። "አፋጠጠው!" "ልኩን ነገረው!" "ጀግና!" እንላለን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቪዲዮ ይመጣል።

እሺ፣ ሚኒስትሩ ምን ብሎ መለሰ?

ዝም አላችሁ አይደል? ዛሬ የማወራው ስለዚህ ዝምታ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሚኒስትር መጠየቅ ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚወድም የማይወድም ይስማኝ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እሱ ነውና ራሳቸው በጻፉት እንጠይቃቸዋለን። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። አንቀጽ 72 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለዚሁ ምክር ቤት ተጠሪ ናቸው ይላል። በ1923ቱም በ1948ቱም ሕገ መንግሥት ፓርላማ ነበረን፤ ሚኒስትሩ ግን ተጠሪነቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ዛሬ ቢያንስ በወረቀት ላይ ተጠሪነቱ ለእኔና ለእናንተ እንደራሴ ነው። ስለዚህ ሚኒስትሩ መጥቶ ሲመልስ ውለታ እየዋለልን አይደለም። ዕዳውን እየከፈለ ነው።

ታዲያ ዕዳው በምን ይከፈላል? በመልስ ነው። መልስ የሚመስሉ ግን መልስ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ለዩአቸው።

አንደኛው "ጉዳዩ የክልሉ ነው" የሚለው ነው። ስለ ሰላም ሲጠየቅ ፌዴራሉ ወደ ክልል ይጠቁማል፤ ክልሉ ሲጠየቅ ወደ ፌዴራል። ኳስ ቅብብል ነው። ሕጉ ግን ለዚህም መልስ አለው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 16ን አንብቡ። በአንድ ክልል ሰብአዊ መብት ሲጣስና ክልሉ ድርጊቱን ማቆም ሳይችል ሲቀር፣ ምክር ቤቱ በራሱ አነሳሽነት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ተጠርቶ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ ይጠይቃል። የፌዴራል መንግሥት በክልል ጣልቃ የሚገባበት ሥርዓትም አዋጅ ቁጥር 359/1995 ተብሎ ከወጣ ስንት ዘመኑ። "ሥልጣኑ የክልል ነው" ብሎ ከሞት መሸሽ አይቻልም።

ሁለተኛው "በትኩረት እየተሠራ ነው" የሚባለው ነው። "አቅጣጫ ተቀምጧል"፣ "ግብረ ኃይል ተቋቁሟል"። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስንት ሰው ተፈናቀለ ሲባል ስንት ሰው ተመለሰ የሚል ቁጥር ካልመጣ፣ መቼ ሲባል ወርና ቀን ካልመጣ፣ ማን ተጠያቂ ነው ሲባል የኃላፊ ስም ካልመጣ፣ እሱ መልስ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄውን ትቶ ጠያቂውን መያዝ ነው። "ከጀርባው ማን አለ?" "ለየትኛው ሚዲያ ነው የሚናገረው?" የሞተው ሰው ይረሳና የጠየቀው ሰው ማንነት አጀንዳ ይሆናል።

በዚያ ላይ የስብሰባው አካሄድ ራሱ ለመሸሽ ይመቻል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲቀርብ ጥያቄዎች ተከታትለው ይነሱና መልሱ በረጅም ንግግር ተጠቅልሎ ይመጣል። ስለ ታገቱ ሰዎች የተጠየቀው ስለ ስንዴና ስለ ኮሪደር ልማት በተሰጠው ማብራሪያ መሃል ይሰጥማል። ጠያቂው "ይህ እኮ አልተመለሰልኝም" ብሎ እንደገና የሚሟገትበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ ያልተመለሰውን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ስልክ በእጁ ያለው ሁሉ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ነገሩ የነፍስ ስለሆነ ነው።

ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ላይ ከ300 በላይ ሰው ተገደለ። አብዛኞቹ አማሮች ነበሩ። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ፤ ወላጆቻቸው ስንት ወር በር ለበር ሲንከራተቱ አይተናል። ሰኔ 2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱና ቤተሰብ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቀ። ልብ በሉ፤ በሁለቱ መካከል አራት ዓመት አለ። በ2012 የተጠየቀው ጥያቄ እስከ መልሱ ድረስ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የ2016ቱ ልጆች በዚያ መንገድ በሰላም ባለፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያልተመለሰ ጥያቄ ወረቀት ላይ አይቀርም። መንገድ ላይ ይጠብቀናል።

የኑሮውም ነገር ከዚህ አይለይም። አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹህ ውኃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና ይላል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋን ቃል ይወዷታል። እሺ፤ አቅም መፍቀዱ በምን ይታወቃል? በጀቱ የት እንደገባ በመጠየቅ ነዋ! በ2015 ክረምት ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ሰልፍ ሲወጣ ጥያቄው ይኸው ነበር፦ ተገዛ የተባለው የት ደረሰ? እኔም ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንድ ቢሮ እንደ ሥራ ፈላጊ መዝግቦኛል፤ ስሄድ ያለኝ መልስ "በቀጣዩ በጀት ዓመት ና" ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሐምሌ 1 ያልፋል። ስንት ሥራ አጥ ተመዘገበ፣ ስንቱ ሥራ ያዘ ብሎ በቁጥር የሚጠይቅ እንደራሴ ሲመጣ ስለ እኔ ነው የሚጠይቀው። ስለ እናንተም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ጠያቂው ብቻውን ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አገኙ፤ ብልጽግና ከ400 በላይ ያዘ። አቶ ክርስቲያን ታደለን ታስታውሳላችሁ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን በየተራ ያስቀርብ ነበር። "ይህ ሂሳብ ለምን አልተወራረደም? ሰነዱ የት አለ?" ማለት እዚያ ይቻላል፤ ኃላፊው በንግግር አያመልጥም፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ ታሰረ። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 አንድ የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም ይላል። ያለመከሰስ መብቱ የተነሳው ግን ከታሰረ ከወራት በኋላ ነው። የሽብር ክስ ቀረበበት። የክሱን ፍሬ ነገር ፍርድ ቤት ይየው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የሥራ ባልደረባቸው ሲታሰር በዚያ አዳራሽ ስንት ሰው "ፈቃዳችን መቼ ተጠየቀ?" ብሎ ተነሳ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አምስት ሰው ላይ የሚሊዮኖችን ጥያቄ ጭነን እናጨበጭባለን። ሕጉን ደግሞ እዩት፤ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ይወስናል ይላል። ከ547ቱ ወንበር ሲሰላ 183 ሰው ገደማ ማለት ነው። አምስቱ ከአራቱ ጋር ቢደመሩ እዚያ አይደርሱም። ቁጥሩ ያለው ዝም ካሉት ዘንድ ነው።

ዝም ያሉት ደግሞ የማን ናቸው? የእኛው! የእናንተን ምርጫ ክልል ወክሎ የተቀመጠ ሰው አለ። በእናታችሁ ድምፅ፣ በጎረቤታችሁ ድምፅ ገብቷል። ስሙን ታውቁታላችሁ? ባለፈው ዓመት አንድ ጥያቄ ጠይቋል? እስኪ አሁን ከዚህ ጽሑፍ በታች ስሙን ጻፉት።

እንግዲህ ሥራ ልስጣችሁ።

አንደኛ፦ የእንደራሴያችሁን ስም እወቁ። ምክር ቤቱ መስከረም መጨረሻ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። አባላቱ ወደ ወረዳ ሲወርዱ የመራጭ ተመራጭ መድረክ ይዘጋጃል። ካድሬው ብቻ እንዳይሞላው፤ እናንተም ተገኙ።

ሁለተኛ፦ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ። መዝገብ ቤት ሰጥታችሁ ቁጥርና ቀን ተቀበሉ፣ ኮፒውን በእጃችሁ አስቀሩ። በቃል የተነገረ ይካዳል፤ ማኅተም ያረፈበት አይካድም።

ሦስተኛ፦ ቪዲዮ ስታጋሩ ከሥሩ አራት መስመር ጻፉ፦ ማን ጠየቀ፣ ማንን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰ፣ በስንት ቀን ይፈጸማል ተባለ። ቀኑ ሲደርስ መልሳችሁ አውጡት። ቪዲዮ ቆርጣችሁ ትርጉሙን አትለውጡ፤ ያልተረጋገጠ ቁጥር አትጨምሩ። አንዲት የውሸት ቁጥር ሚኒስትሩን ከመቶ እውነተኛ ጥያቄ ታድነዋለች።

አራተኛ፦ ስድብ ተዉ። የሌላውን ብሔር እናት አትስደቡ። የታገተ ልጅ እናት በየትኛውም ቋንቋ ብታለቅስ እንባዋ አንድ ነው፤ የምንጠይቀው ሥልጣን ላይ ያለውን እንጂ ጎረቤታችንን አይደለም። ሰው ስንሰድብ ጥያቄው ይጠፋና ስድባችን ዜና ይሆናል።

"ይሄ ሁሉ ምን ይለውጣል?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ደብዳቤ ጥይት አያቆምም። ግን ባለሥልጣን የሚፈራው ጭብጨባህን አይደለም፤ ጭብጨባ ያልፋል። የሚፈራው ያለፈውን ዓመት መልስ ከነቀኑ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እንደራሴውም ብቻውን ሲሆን ይፈራል፤ አንድ ሺህ ደብዳቤ ቢሮው ከገባ ግን "መራጮቼ አስገድደውኝ ነው" ብሎ የሚነሳበት ምክንያት ያገኛል። ምክንያቱን እንስጠው። ካልተነሳም አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 መራጩ አመኔታ ሲያጣበት ከቦታው እንደሚወርድ ይናገራል። ያንን ሕግም እናስታውሰው።

ከቶሌ የተረፉት ዛሬም በመጠለያ ናቸው ወይስ ቤታቸው ገብተዋል? የታገቱት ተማሪዎች ሁሉም ተመልሰዋል? ያንን መንገድ ዛሬ ማን ይጠብቀዋል?

ጥያቄው ተጠይቋል። መልሱን የምንቀበለው እኛ ነን፤ እስኪመጣም እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን።

ሰላም ለሕዝባችን!