የአዶላ ወርቅና የእኛ ሳጥን

በኦጎልቾ የራስ አገዝ ቡድኖች የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ ቁጠባ ከመሰብሰባችን በፊት አንድ ጉዳይ እንድናቀርብ ኮሚቴው ለእኛ ለሦስታችን ሰጥቶናል። ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሁለት እናቶች ከሳጥናችን ብድር ጠየቁ፤ ልጆቻቸውን ወደ ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ለመላክ፣ ለመሳፈሪያ፣ ለስንቅና ለአካፋ። ይሰጥ፣ አይሰጥ ብለን ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። አንደኛዋ እናታችን፣ "የጎረቤቴ ልጅ ሄዶ ሞተር ብስክሌት ይዞ ተመለሰ፤ የእኔ ልጅ ለምን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል?" አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በቁጣ ልንመልሰው አይገባም። ስለዚህ ልጆቹ ስለሚሄዱበት አገር የምናውቀውን እንንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ አብረን እንወስን።

አዶላ በጉጂ ነው። ሻሸመኔንና ሐዋሳን አልፎ ወደ ነጌሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከተማዋን ትልልቆቹ ክብረ መንግሥት በሚለው ስም ያውቋታል። ጎረቤታችን ዝዋይ ባቱ እንደተባለችው ሁሉ እሷም ዛሬ አዶላ ትባላለች። ሻኪሶ ከእሷ ብዙ አትርቅም። በዚያ አገር ወርቅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ሥራውን ያዘ፤ ለብዙ ዓመታትም የኢትዮጵያ ወርቅ ሲባል ቀድሞ የሚጠራው አዶላ ነበር። ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። ነጋዴው፣ ጠጅ ጣዩ፣ ቤት አከራዩ ተከተለ፤ ከተማ ተቆረቆረ።

ያ ወርቅ ወንዝ ያመጣው ነው። ከድንጋይ የተላቀቀ ብናኝ በጎርፍ ወርዶ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ይቀመጣል። ቆፋሪው አፈሩን ገፎ፣ ጉድጓድ ወርዶ ጠጠሩን ያወጣል፤ እኛ እህል በሰፌድ እንደምናንገዋልለው እሱም በገበቴ ውስጥ በውሃ ያንገዋልለዋል። ወርቅ ከባድ ስለሆነ ከታች ይቀራል። ይህ የወንድ ሥራ ብቻ አይደለም። ጠጠር የሚሸከሙ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ገበቴ የሚያዞሩ ሴቶች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዴ የታጠበ ጠጠር ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ አይሰጥም። እኛ ያጨድነውን ማሳ በዓመቱ እንደገና እንዘራዋለን፤ የወርቅ ጉድጓድ ግን ባዶውን ይቀራል። ቆፋሪው ሌላ ወንዝ ፍለጋ ይነሣል፤ ጉድጓዱ ከባለ አገሩ ጋር ይቀራል። ከብት ይገባበታል፣ ልጅ ይወድቅበታል፣ ክረምት ውሃ ያቁርና የወባ ትንኝ ያራባል።

የአዶላ ወርቅ አላለቀም። የሳሳው በአካፋና በገበቴ በቀላሉ የሚገኘው ነው። የቀረው አብዛኛው ድንጋይ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማውጣት ፈንጂ፣ ትልልቅ ወፍጮና ሳይናይድ የሚባል ኬሚካል ያስፈልጋል። በሻኪሶ አቅራቢያ ያለው የለገ ደንቢ ማዕድን እንዲህ ያለ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ሸጠው። የእኛ ልጅ ቢሄድ የሚደርሰው እዚያ አይደለም፤ ሌላው ቆፍሮ የተወው ወንዝ ዳር ነው።

የማዕድኑ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2018 መታደሱ ሲሰማ የአካባቢው ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ጽንስ ይጨነግፋል፣ ልጆች አካላቸው ተጎድቶ ይወለዳሉ፣ ከብት ይሞታል፤ ምክንያቱ ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ ነው ብለው አቤት አሉ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሥራው ታገደ፤ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። እኛ ዳኛ አይደለንም። ነገር ግን ጉጂዎች እንደ እኛ የሲንቄ አገር ናቸው። እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምታስይዛት የደረሰባትን በደል ብቻዋን እንዳትሸከመው ነው። የእነዚያ እናቶች እሮሮ ሩቅ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም። አባቶቻችን "ወርቅ ላበደረ ጠጠር" ይላሉ። ያ አገር ለስንት ዓመት ወርቅ አበደረ፤ ምን እንደተመለሰለት እናንተው ፍረዱ።

ታዲያ በአዶላና በሻኪሶ ዛሬ ሰው በምን ይኖራል? ብዙው በቡና ነው። የጉጂ ቡና ቀደም ሲል ሲዳሞ በሚል ስም ይሸጥ ነበር፤ አሁን በራሱ ስም በውጭ አገር ገዢ ይፈለጋል። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል። ጉድጓድ ለሚቆፍር ሰው ይህ እንደ ዘላለም ነው። ነገር ግን ያ ዛፍ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይሰጣል። ወርቅ ያገኘ ሁሉ አልከበረም። ካገኘው ላይ ቀንሶ ቡና የተከለ፣ ጊደር የገዛ፣ ቤት የሠራ ግን ወርቁ ቢሳሳም እዚያው ይኖራል። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ ስንቱ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ልጆቻችን የሚለብሱት ጂንስ ግን ለዚያ አገር ሰው ጨርቅ ይነግድ ከነበረ ሰው ቤት የወጣ ነው።

ግርግር ለኛም አዲስ አይደለም። በጭላሎ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1967 የስዊድን እርዳታ ያለበት ካዱ አሰላ ላይ ሥራ ሲጀምር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ፤ ስንዴ አዋጣ። ስንዴ ሲያዋጣ ባለመሬቱ ትራክተር አስገባ፤ ትራክተሩ ሲገባ ጭሰኛው ከመሬቱ ተነሣ። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ የሚያስታውሱ አሉ። በረከት ሲመጣ ያልተዘጋጀ ሰው በበረከቱ ይፈናቀላል።

የዛሬው የኦጎልቾ ወርቅ ደግሞ ሽንኩርት ነው። በከታር ውሃና በሐይቁ ዳር ሞተር ያለው ሰው በአራት አምስት ወር ውስጥ ብዙ ብር ሲቆጥር አይተናል። ያው ሰው በሌላው ወቅት ዋጋ ወድቆ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ሲበሰብስ፣ የናፍጣ ዕዳ በሩ ላይ ሲቆም አይተናል። ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። አንዳንዶቻችን ሞተር ስለሌለን መሬታችንን ለሁለት ለሦስት ዓመት በአንድ ጊዜ ብር አከራይተናል። ብሩ በአንድ ሠርግ አለቀ፤ መሬቱን በየቀኑ እያየነው እናልፋለን። ይህ ከአዶላው ጉድጓድ በምን ይለያል?

እውነቱን ለመናገር እኛም ሦስታችን በአንድ ልብ አይደለንም። የአንዳችን ልጅ ሻኪሶ ሄዷል። በመጀመሪያው ጊዜ የቤታችንን ቆርቆሮ የቀየርንበትን ብር ይዞ መጣ፤ አልሐምዱሊላህ አልን። በሁለተኛው ጉድጓድ ተደርምሶበት በእግሩ እያነከሰ መጣ፤ ሕይወቱ በመትረፉ አሁንም አልሐምዱሊላህ አልን። ስለዚህ "አይሂዱ" ብለን ልጅ አናስርም። ሥራ የሌለው ወጣት ቤት ሲቀመጥ እናት እንዴት እንደምትሆን እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ሳጥን የአንዷ ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው እንቁላልና ቅቤ ሸጠን፣ ለቡና ከምናወጣው ቀንሰን ያስቀመጥነው ነው።

ስለዚህ እንድትመክሩበት ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለወርቅ ጉዞ ብድር የምትጠይቅ አባል ራሷ ካስቀመጠችው በላይ አትበደር። ልጇ ባይቀናው የሌላዋ ቁጠባ አብሮ ጉድጓድ መግባት የለበትም። እዚሁ ለሚሠራበት ነገር፣ ለበግ፣ ለዶሮ፣ ለወተት፣ ለችግኝ ግን እንደ ቀድሞው እስከ ሦስት እጥፍ ትበደር።

ሁለተኛ፣ በአንድ የሽንኩርት ወቅት ከሳጥኑ ከግማሽ በላይ ለሽንኩርት አይውጣ። ዋጋ ቢወድቅ ሁላችንም በአንድ ቀን አንወድቅም። መሬት ለማከራየት ያሰበች አባል ደግሞ ከመፈረሟ በፊት ለቡድኗ ታማክር። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ፤ እሷ ሳታውቅ የሚፈረም ውል እንዳይኖር እርስ በርስ እንጠባበቅ።

ሦስተኛ፣ የቀናው ልጅ ብር ይዞ ሲመለስ፣ ሞተር ብስክሌቱ ከመገዛቱ በፊት እናትየው ከዚያ ላይ አንድ ጊደር ትጠይቀው። በየዓመቱ የሚወልድ ነገር እቤት ይቅር። ይህን ሕግ አድርገን መጻፍ አንችልም፤ ግን እናት ከጠየቀች የሚከለክል ልጅ ጥቂት ነው።

የጠየቁት ሁለቱ እናቶቻችን እዚህ ተቀምጠዋል። በእነሱ ላይ ለመፍረድ አልመጣንም፤ እንዲያውም ጥያቄያቸው ስለ ራሳችን ብዙ አሳስቦናል። በየቡድናችሁ ተነጋገሩበት። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ የተወሰነውንም ሁላችን እናከብራለን። አሁን የሳጥኑን ቁልፍ የያዛችሁ ሦስታችሁ ወደ ፊት ኑና ቁጠባችንን እንሰብስብ።