ፊት የሚያመለክተውና የማይፈርደው
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በግድግዳ ላይ ስንጥቅ በታየ ጊዜ መሐንዲስ ልስኑን አይቶ አያበቃም፤ መሠረቱንና አፈሩን ይመረምራል። ስንጥቅ ያመለክታል እንጂ አይፈርድምና። ዛሬ ከሙያችን ወጣ ብዬ፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን በማይስማማቸው ሰዎች ፊት ላይ ስለሚታዩ ምልክቶች የምናገረው በዚሁ መንፈስ ነው።

ሴሊያክ በተባለው በሽታ የተያዘ ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ኃይል የገዛ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። የተፈጨውን ምግብ ወደ ደም የሚያስገባው የአንጀት ገጽ ስለሚጎዳ፣ ሰውየው እየበላ ብረትና ካልሲየም ይጎድሉታል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰዎች አንዱ ያህል ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

በሕፃናት ዘንድ ፊት ይገረጣል፣ ጉንጭ ይከሳል፣ ሆድ ግን ይነፋል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ጥርስ ነው። የቋሚ ጥርስ ኢናሜል የሚሠራው በልጅነት ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ የደረሰው ጉዳት ተመዝግቦ ይቀራል፤ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ፣ አለዚያም አግድም የሄደ ስርጉድ መስመር በግራና በቀኝ ጥርሶች ላይ ተመሳስሎ ይታያል። ሰውነትም ኢናሜልን መልሶ አይሠራውም። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ የሚመላለስ የአፍ ቁስል፣ የተሰነጠቀ የከንፈር ማዕዘንና ከደም ማነስ የመጣ የፊት መገርጣት ይታያሉ።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆችም ጥርሳቸው ይበልዛል፤ የውሃ ሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የአንጀት ትልም ፊትን ያገረጣል። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቪለም ዲከ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረቡት ጥናት የስንዴን ጎጂነት ያስረዱት ፊት በማየት አልነበረም፤ ስንዴን ከሕፃናቱ ምግብ እያወጡና እየመለሱ ለውጡን በመመዝገብ ነበር።

ስለዚህ ምልክቱን ያየ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የደም ምርመራ፣ ካስፈለገም ከትንሹ አንጀት የሚወሰድ ናሙና እውነቱን ይለያል። ከምርመራው በፊት ግን ዳቦውን አይተው። አስቀድሞ የተወ እንደ ሆነ አንጀቱ ማገገም ስለሚጀምር በሽታው እያለ ምርመራው የለም ሊል ይችላል። በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ መድኃኒቱ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ ግን ለእንዲህ ያለው ሰው አይሆንም።