ስለ ሱፐር ሂሮና ስለ እንግሊዝኛ ድርሰት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የማኅበሩ ሹማምንትም ርእሱን በነገርናቸው ጊዜ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። እኛ የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ለማስተማር ልምምድ በየተማሪ ቤቱ ተመድበን በነበርን ጊዜ፣ ከሰዋስው መልመጃው ሁሉ ይልቅ እርስ በርሳችን ያከራከረን አንድ ተራ የድርሰት ርእስ ነው። ይኸውም «የምትወደው ሱፐር ሂሮ ማን ነው? አንተስ አንድ ልዩ ኃይል ቢሰጥህ ምን ትሠራበታለህ?» የሚለው ነው። ርእሱ በብዙ አገር የእንግሊዝኛ መማሪያ የሚገኝ፣ አስተማሪው ሲደክመው የሚሰጠው፣ ተማሪውም ደስ ብሎት የሚቀበለው ዓይነት ነው።

በመጀመሪያ ያስቸገረን ቃሉ ነው። ሱፐር ሂሮን በአማርኛ ምን እንበለው? «ልዕለ ጀግና» የሚሉ አሉ፤ «ልዕለ» የሚለው ከግዕዝ የተወሰደ ስለሆነ ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን ቃሉን ሲያስቡት በውስጡ ጠብ አለ። በእኛ ቋንቋ ጀግና ማለት ሟች ሰው ነው። ጥይት የማይበሳው ሰው ቢኖር ፊት ለፊት መቆሙ ምን ያስደንቃል? ፎካሪው የሚፎክረው፣ አዝማሪውም የሚያወድሰው፣ መሞት እየተቻለ ስላልተሸሸ ነው። የሚበር ከሆነ ግን ጀግና ሳይሆን ጻድቅ ይባላል። የሚሰወር ከሆነ ደግሞ ጠንቋይ ነው ተብሎ ይታማል፤ ወይም አስማት የሚያውቅ ደብተራ ነው ይባላል። ኃይልና ጀግንነት በእኛ ዘንድ በሁለት ቤት ያደሩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ልዩ ኃይል የሚገኝበትም መንገድ ይለያያል። በፈረንጆች ዘመን በ1962 የወጣው የስታን ሊና የስቲቭ ዲትኮ ሸረሪት ሰው ኃይሉን ያገኘው ሸረሪት ስለነከሰችው ነው፤ ዕድል ነው እንጂ ድካም አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ስድስት ክንፍ የተሰጣቸው ከብዙ ጸሎትና ተጋድሎ በኋላ ነው። በክብረ ነገሥትም የታቦቱ ሠረገሎች ከምድር ከፍ ብለው የብዙ ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሲሄዱ፣ ያነሣቸው የመልአኩ ኃይል እንጂ የተጓዦቹ ጉልበት አይደለም። የሰይዲና ዓሊን ሰይፍ ዙልፊቃርን ሲሰማ ያደገ ተማሪም እንዲሁ የራሱ አለው። ታዲያ ልጁ ከቤቱ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣና፣ የእንግሊዝኛ ክፍል በር ላይ እንደ ዱላ አስቀምጦት ይገባል። ውስጥ የሚፈለገው ባትማን ነው ብሎ ያምናልና።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያውስ ስለ ጻድቃን ይጻፉ እንበላቸው» ብሎ ነበር፤ አልተስማማንም። በገድል የሚነበበውን ከሲኒማ ሰው ጎን አሰልፎ ማን ይበልጣል ማለት ለብዙ ወላጅ ድፍረት ነው፤ እኛም ድፍረት ነው እንላለን። ተማሪው ራሱ ካመጣው በአክብሮት ይነበባል፤ እንዲያመጣ ግን አይገደድም።

አሁን ስለ ባሕር ማዶዎቹ ጥቂት እንናገር፤ ማን እንደ ፈጠራቸው ለማወቅ ይጠቅማልና። የሁሉም አባት የሚባለው ሱፐርማን ለሕዝብ የታየው በ1938 ነው። የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ፣ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት የተገናኙ፣ የስደተኛ አይሁድ ልጆች ናቸው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1933 ሲገል የሱፐርማንን ስም ያወጣበትን የመጀመሪያ ታሪክ ያሳተመው በየት ይመስላችኋል? ይህ የእናንተ ጋዜጣ በሚታተምበት ዓይነት ማባዣ መኪና፣ ራሱ በሚያዘጋጃት ትንሽ መጽሔት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሱፐርማን ክፉ ሰው ነበር፤ የሰው ሐሳብ እያነበበ ዓለምን ሊገዛ የሚፈልግ። ልጆቹ ጽፈው አልተዉትም፤ ደግመው አሰቡት፣ ሰረዙት፣ ደግ አደረጉት። በኋላም መብቱን ሁሉ በ130 ዶላር ሸጡት። ሌሎች ሲበለጽጉበት እነርሱ ብዙ ዘመን ተቸግረው ኖሩ፤ በ1975 ነው ትንሽ ጡረታ የተቆረጠላቸውና ስማቸው ከሥራቸው ላይ የተመለሰው። ጥይት የማይበሳውን ሰው የፈጠሩት ሰዎች አንድ ውል ሲበሳቸው ኖረ። (ይህን ለሕግ ክፍል ወንድሞቻችን እንተወዋለን።)

ለእንግሊዝኛ አስተማሪ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው የማባዣው ነገር ነው። ሱፐርማን ራሱ የተማሪ ድርሰት ነበር። ተሰርዞና ተደልዞ ነው የበረረው። እንዲያውም በ1938 አይበርም ነበር፤ መዝለል ብቻ ነበር የሚችለው፣ እርሱም በልክ፤ የአንድ ማይል ስምንተኛ እጅ፣ ማለት ወደ 200 ሜትር። መብረሩ በኋላ የመጣ ነው።

ወደ እኛ አገር ደብተሮች እንመለስ። በልምምዱ ወራት ካየናቸው ሁለቱን ብቻ እንናገራለን፤ የተማሪዎቹንም ሆነ የተማሪ ቤቱን ስም አንጠራም። አንደኛው ስለ ብረት ሰው የጻፈ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው፤ እጅግ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሣ ከኢንተርኔት ተገልብጦ እንደ ሆነ ለማንም አይሰወርም። ከሃያ አሥራ ስምንት ተሰጠው። ሁለተኛዋ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። የመረጠችው ኃይል ሁለት መሆን ነው። አንዷ እርሷ ጀሪካን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች፤ ሌላዋ እርሷ በሰዓቱ ክፍል ገብታ ትቀመጣለች። እስከዚህ ያለውን ማንም ሊያስበው ይችል ይሆናል። ልጅቱ ግን ቀጠለች፦ ማታ ሁለቱም ተርበው ይመጣሉ፤ እራቱ ግን የአንድ ሰው ነው። የተማረችው ለቀዳችው ትተውላት ወይስ ይካፈሉት? ውሃ የቀዳችውስ ዛሬ ክፍል ውስጥ ምን ተባለ ብላ ብትጠይቅ፣ ያኛዋ ደክሟት ሳትነግራት ብትተኛስ? በዚህ ላይ ወረቀቱ አለቀ። ሰዋስዉ ግን የተሰባበረ ነበር። በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ፣ ከሥሩ «ይህ ሱፐር ሂሮ አይደለም» ተብሎ ስምንት ተሰጣት።

ውይይታችን የተነሣው ከዚህ ነው። ያን ቀይ ቀለም የተጠቀሙትን አስተማሪ ለመውቀስ አልመጣንም። የሚያርሙት ደብተር ቁጥሩ ብዙ ነው፤ በብሔራዊ ፈተናም እንግሊዝኛ የሚፈተነው መልስ በመምረጥ እንጂ ድርሰት በመጻፍ አይደለም፤ ታዲያ አስተማሪው ለማይፈተን ነገር ዐይኑን ለምን ያድክም? ይህን እናውቃለን። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል አንሥቶ የሚሰጥ፣ የሁለተኛና የከፍተኛ ትምህርትም ሁሉ የሚማሩበት ቋንቋ ነው። ያ ልጅና ያች ልጅ ነገ ፊዚክስን፣ ታሪክን፣ ሕክምናን በዚህ ቋንቋ ይማራሉ። እርሱ በእንግሊዝኛ መገልበጥ እንደሚያስከብር ተምሯል፤ እርሷም በእንግሊዝኛ ማሰብ እንደሚያስቀጣ። ሁለቱም ወደዚህ ግቢ ቢደርሱ፣ መምህሮቻችን ዘወትር የሚያዝኑበትን የገለበጠ የጥናት ወረቀት ማን ያቀርባል? እርሱ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ፤ እርሷም ትማራለች።

እንግዲህ ስለ ሰዋስዉ። ልጅቱ «ኢፍ አይ አም ቱ» ብላ ነው የጀመረችው። አስተማሪው «ወር» እንጂ «አም» አይባልም ብለው ሰረዙት፤ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ለምን እንደሆነ አልተነገራትም። እንግሊዝኛ የሌለን ነገር ሲናገር ያለፈ ጊዜን ይዋሳል፤ ዛሬ ክንፍ የሌለው ሰው «ኢፍ አይ ሃድ ዊንግስ፣ አይ ዉድ ፍላይ» ይላል፤ ሃድ ያለፈ ነው፣ ነገሩ ግን ያለፈ አይደለም። ይህ ለተማሪው እንግዳ ነገር ሆኖ ይቀርብለታል። እንግዳ ነውን? በአማርኛ «ክንፍ ካለኝ እበራለሁ» እና «ክንፍ ቢኖረኝ እበር ነበር» አንድ ናቸውን? አይደሉም፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ክንፉን ሊፈልግ ኪሱን የሚዳስስ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ክንፍ እንደሌለው ያውቃል። ይህንንም ያወቅነው በ«ነበር» ነው፤ እርሱም ያለፈ ጊዜ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ይዘዋል። ይህን ለልጅቱ «ሁለት ብሆን አንዷ ትቀዳ፣ አንዷ ትማር ነበር» ብለን በአማርኛ ካስቀመጥንላት በኋላ፣ እንግሊዝኛውን ራሷ አቃናችው፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ እዚህ ተቀምጠዋልና ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ሌላው ያስተዋልነው የልክ ነገር ነው። «ሁሉን እችላለሁ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሁለት መስመር ጽፎ ያልቅበታል። ሁሉን የሚችል ሰው ምን ይሆናል ተብሎ ይጻፋል? ሱፐርማን እንኳ የሚያደክመው ድንጋይ ተፈልጎለታል፤ ሶምሶንም ጠጕር አለው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዷ በምታስተምርበት ክፍል፣ ልጆቹን እየዞረች በእንግሊዝኛ መጠየቅ ጀመረች፦ ስንት ሜትር ትዘላለህ? ከአህያ ትፈጥናለህ ወይስ ከባጃጅ? ዝናብ ሲዘንብስ ትበራለህ? ስንት ሰዓት ትቆያለህ? በዚያ ክፍል ማወዳደሪያውና ቍጥሩ፣ ይችላልና አይችልም የሚባለው ሁሉ፣ በሰሌዳ ላይ ሳይጻፍ በልጆቹ አፍ ገባ። ጫጫታውም ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ፤ የጎረቤቱ አስተማሪ መጥተው ገሠጹን።

ከሁሉ ይበልጥ የሚመረጠው ኃይል ግን መሰወር ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የማይታይ ሰው ፈተና አይፈተንም። ይህን የፍልስፍና ክፍል ተማሪዎች ያውቁታል፤ አፍላጦን በሪፐብሊክ መጽሐፉ ስለ ጋይጅስ ቀለበት ያነሣው ጥያቄ ነውና። ማንም የማያይህ ብትሆን ጻድቅ ሆነህ ትኖራለህን? ይህ ጥያቄ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ አይከብድም። አንድ ተማሪ ተሰውሮ የፈተናውን ወረቀት እንደሚያይ ከጻፈ በኋላ፣ «ለጓደኞቼም እነግራለሁን?» ተብሎ ቢጠየቅ አንድ ገጽ ጻፈ። ገጹ ሙሉ ስሕተት ነበር፤ የተገለበጠ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የባዕድ ጀግና ለምን እንደምናስተምር ትጠይቃላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በ1966 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ጥቁሩን ነብር ሲያወጡ አፍሪካዊ ንጉሥን ጀግና ማድረጋቸው በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በ2018 የወጣው ፊልምም ብዙ ልጆቻችንን አስደስቷል። የሆነ ሆኖ ዋካንዳ የሚባል አገር የለም፤ በፊልሙ የሚነገረውም ቋንቋ የደቡብ አፍሪካው ኮሳ ነው። ከዚያው ዘመን ወዲህ ግን ጀምበር የሚባል ኢትዮጵያዊ ሱፐር ሂሮ በሥዕል መጽሐፍ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል፤ ሐዊ የምትባል ሴትም ተከትላዋለች። እነዚህ በተማሪ ቤት አብያተ መጻሕፍት ቢገኙ መልካም ነበር፤ እኛ በሄድንባቸው አላየናቸውም። ይሁን እንጂ ልጁ ሱፐርማንን ስለወደደ አገሩን ጠላ የሚለውን አንቀበልም። የሚያሳዝነን ስለ ሌላ መጻፉ ሳይሆን የሌላውን ጽሑፍ መጻፉ ነው። ስለ ሱፐርማን የራሱን አሥር መስመር የጻፈ ልጅ፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሌላውን መቶ መስመር ከገለበጠው ይበልጥብናል።

ለክቡራን መምህሮቻችን አንድ ልመና አለን። የማስተማር ልምምድ በሚታረምበት ጊዜ፣ እኛ የምንመዘነው ክፍሉን ጸጥ በማድረጋችንና የትምህርት ዕቅዱን በሰዓቱ በመጨረሳችን ነው። ተማሪው የራሱን አንድ አንቀጽ ጽፎ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሣጥን በመመዘኛው ወረቀት ላይ የለም። ቢጨመር ምን ይመስላችኋል? ለሰዋስውና ለሐሳብ ሁለት የተለያየ ማርክ ቢሰጥስ? ያች የስምንተኛ ክፍል ልጅ ለሰዋስው ስምንቷን ትያዝ፤ ለእራቱ ጥያቄ ግን ስንት እንደሚገባት እናንተ ፍረዱ።

እስከዚያው ድረስ ድርሰቶቹን፣ ከተማሪዎቹና ከወላጆቻቸው ፈቃድ ስናገኝ፣ ስማቸውን ሳንጽፍ በትንሽ መጽሔት አባዝተን ወደየክፍላቸው ለመመለስ አስበናል። ገጻቸውን በማኅተም ሲያዩት ሁለተኛ ጊዜ እንዴት እንደሚጽፉ ማየት እንፈልጋለን። የማኅበሩ ማባዣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደማይኖረው ተነግሮናል፤ የጎደለን ስቴንስልና ወረቀት ነው። መተየብ የሚችል፣ ሥዕልም የሚያውቅ ሰው ካለ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያው እንገኛለን።