ከመርዶ በፊት ያለው ዝምታ

(በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥኩት አርእስት ለጆሮ የማይጥም መሆኑን አውቃለሁ። ለአንዳንድ ጓደኞቼ በነገርኳቸው ጊዜ «ምነው፣ ሌላ ነገር አጣህ? አታሟርት!» ብለውኛል። ይኸው መልሳቸው የንግግሬ መነሻ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ሞት ሳይሆን፣ ስለ ሞት ለመነጋገር ስላለን ፍርሃት ነውና።

እስቲ አነጋገራችንን እንመልከት። የሞት ስም ከአፋችን ተለይቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣብን «በሞቴ ይብሉ» እንላለን። ስንምል «አባቴ ይሙት» እንላለን። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። ነገር ግን ሞት በእርግጥ ወደ ደጃችን በቀረበ ጊዜ ቃሉን እንሸሸዋለን። በገበታ ላይ የደፈርነውን ቃል በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እንፈራዋለን።

ሰው ካረፈ በኋላ የአገራችን ሕዝብ የሚያደርገው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። መርዶ በመንገድ ላይ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማው ተደርጎ ይነገራል። ሰውዬው በውጭ አገር ቢኖር እንኳ ወዳጆቹ በስልክ ይለመኑና ከቤቱ ድረስ ሄደው ያረዱታል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበሩና ሰሐኑ ይመጣል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይገባል። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሐኪሙ ሕመሙ የማይድን መሆኑን ባወቀ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቤተ ዘመዱን ወደ ጎን ጠርቶ ይነግራል፤ የሕመሙ ባለቤት ግን አይሰማም። ቤተ ዘመዱም እንባውን በጓዳ ጠርጎ ወደ አልጋው ሲቀርብ «ደህና ነህ፤ ነገ ትነሣለህ» ይላል። ሕመምተኛው ግን ሰውነቱ ይነግረዋል። እንዲህ ሆኖ ሁሉም እያወቀ፣ ሁሉም የማያውቅ ይመስላል።

ያየሁትን አንድ ነገር ልጥቀስ። አያቴ በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ውሃ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ማታ «እኔን የምትቀብሩኝ…» ብለው ሲጀምሩ፣ በዙሪያቸው የነበሩት በአንድ አፍ «ኧረ አባባ፣ ክፉ አይናገሩ! ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ» አሏቸው። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ዝም አሉ፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሡትም። ባረፉ ዕለት ግማሹ ዘመድ «በተወለዱበት አገር ይቀበሩ»፣ ግማሹም «እዚሁ ይቀበሩ» ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አጎቶቼ አይነጋገሩም። ዝም ያሰኟቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እጅግ ይወዷቸው ነበር። አስቸጋሪውም ነገር ይኸው ነው።

«ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነውና አይነካ» የሚል ቢኖር፣ አባቶቻችን ኑዛዜ የሚባል ልማድም እንደ ነበራቸው ላስታውሰው እወዳለሁ። በጠና የታመመ ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ ስለ ዕዳው፣ ስለ ንብረቱና ስለ ልጆቹ ይናገር ነበር፤ በዙሪያው ያሉትም ያደምጡት ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስም ያዕቆብ በግብፅ ሊሞት ሲል 12 ልጆቹን ጠርቶ ባረካቸው፤ በከነዓን ከአባቶቹ ጋር እንዲቀብሩትም አዘዛቸው። ከልጆቹ አንዱ እንኳ ዝም አላሰኘውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው በ2 ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅድለታል፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪም ሊናገር ይችላል። ነገር ግን ሰው አፉን ሲከፍት «አታሟርት» ከተባለ፣ ምስክሮቹ ምን ሊሰሙ ነው?

ሁለተኛው መቃወሚያ «ሕመምተኛ እውነቱ ቢነገረው ተስፋ ቆርጦ ፈጥኖ ይሞታል» የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 በወጣ ጥናት በአሜሪካ በአንድ ሆስፒታል ከተጠየቁት ሐኪሞች ከ100 90 ያህሉ ካንሰር ለያዘው ሰው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ1979 በወጣ ጥናት ግን በሌላ ሆስፒታል ተመሳሳይ ጥያቄ ከቀረበላቸው ሐኪሞች ከ100 97ቱ መንገርን እንመርጣለን አሉ። በመካከሉ ያለው 18 ዓመት፣ ይኸውም የእኔ ዕድሜ ያህል ነው። በ1967 ደግሞ ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ በለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈቱ፤ በዚያም የማይድን ሕመምተኛ ሥቃዩ በመድኃኒት ይታገሣል፤ የልቡም ነገር ይደመጣል። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ይህንኑ ሥራ ጀምሯል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለታመመ ሰው ሁሉ «ሞትህ ቀርቧል» በሉት አልልም፤ ይህ ጭካኔ ነው። የምለው፣ ሕመምተኛው ራሱ መናገር ሲጀምር አፉን አንዝጋ ነው። «የሚያሳስብህ ነገር አለ? ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብለን እንጠይቀው። ማወቅ አልፈልግም ካለ ፈቃዱ ይከበርለት። እናንተም ወላጆቻችን ሆይ፣ በጤናችሁ ሳላችሁ ፈቃዳችሁን ብትነግሩን እኛ ልጆቻችሁ ሞታችሁን እንደ ተመኘን አትቁጠሩብን። ሐኪምና ነርስ ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼም፣ መርፌ መውጋትን እንደምትማሩ ማድመጥንም ተማሩ።

«ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል» ይላል ያገራችን ሰው። አይቀርም። ዕድራችን ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም፤ እኛም የሚሞተውን ሰው በዝምታ መካከል ብቻውን አንተወው።