መብራት የጠፋ እሁድ

(በምሩቃን የመገናኛ ቀን ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «እንዴት የመዝሙር ሙዚቀኛ እንደሆንክ ንገረን» ሲሉኝ አመነታሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ድልድይ የሠሩ፣ ግድብ ላይ የዋሉ፣ ስንቱን ተማሪ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ከአምስት ኪሎ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ፣ ዛሬ ሰው የሚያውቀኝ በአንዲት አጥቢያ ኪቦርድ ስጫወት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። ሁለተኛ ዓመትን ጨርሼ ለክረምት ቤት ስገባ ኪቦርድ ተሸክሜ ነበር። አባቴ ዕቃውን አይተው «መሐንዲስ ልከን አዝማሪ መጣልን» አሉ። ቀልድ አልነበረም። እሳቸው ባደጉበት አገር ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ሠርግ ላይ ይጠራል እንጂ ልጅ አይድሩለትም። መዝሙር ነው ብላቸውም ልዩነቱ አልታያቸውም። እኔም ትልቅ መድረክ ላይ ወጥቼ ላሳያቸው ቆረጥኩ። ልብ በሉ፤ አገልግሎት ብዬ በያዝኩት ነገር ውስጥ እልህም ነበረበት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ልተው አሰብኩና አንድ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። «ጥሪ አለኝ» አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ጥሪው እውነተኛ ከሆነ ሁለት ዓመት መቆየት አያቅተውም። ጨርስና ሂድ» አሉኝ። የዚያን ቀን ከፋኝ። በኋላ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ሳነብ፣ ዳዊት ለመዝሙር አገልግሎት የለያቸው ሰዎች 288 እንደነበሩና ሁሉም የተማሩ፣ ብልሃተኞች እንደነበሩ አየሁ። ጥሪና ትምህርት ጠላቶች አይደሉም ማለት ነው።

ጨረስኩ። ሥራ ያዝኩ። ሳምንቱን በሥራ፣ ቅዳሜን በልምምድ፣ እሁድን በአጥቢያዬ ማሳለፍ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጥሩ እጫወት ነበር። ሰው «እጅህ ይባረክ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ጥሪዬን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ እሁድ በመዝሙሩ መካከል መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዝም፣ ቤዝ ጊታሩ ዝም፣ የኔም ኪቦርድ ዝም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ሕዝቡ ግን አላቆመም። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ያሉት እናቶች፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ በጭብጨባ ቀጠለ። እነዚያን እናቶች በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

መብራቱ ሲመጣ ልገባ ብዬ ኪቦርዱን ነካሁት፤ አልገጠመም። መዝሙሩን ከጀመርንበት ድምፅ ዝቅ አድርገው ለጉሮሯቸው በሚመች ቦታ ይዘውታል። እኛ ሁልጊዜ የምንመርጠው ለወጣቱ ዘማሪ የሚያምርለትን ከፍ ያለ ድምፅ ነበር። እናቶቹ የማይዘምሩት ስለማይፈልጉ አልነበረም፤ ስለማይደርሱበት ነው። የደረሱበትንም እኔ በጩኸት እሸፍነው ነበር።

ከጉባኤው በኋላ አንዷን እናት «ያለ መሣሪያ እንዴት ቻላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ በየቤቱ ነበር የምንዘምረው፤ ያውም ጎረቤት እንዳይሰማ ቀስ ብለን። ኪቦርድ ማን ነበረው?» አሉኝ። እንደ ተስፋዬ ጋቢሶ ያሉ ዘማሪዎች ስለ እምነታቸው ታስረው ዓመታት ያሳለፉበትን ዘመን ነው የሚነግሩኝ። መዝሙሩ ያለ እኔ ኖሯል። እኔ የመጣሁት ለማጀብ ነው።

ጥሪዬን ያገኘሁት ያን ቀን ነው። አጃቢ ከሚያጅበው ሰው ቀድሞ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ አዲስ መዝሙር ስንይዝ እናቶቹን አስቀምጠን መጀመሪያ ያለ መሣሪያ እናዘምራቸዋለን፤ የሚመቻቸውን ድምፅ አይተን እንነሳለን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ኮርድ ሲበዛባቸው መልካቸው ይጠፋል። ስለዚህ መተውንም ተማርኩ፤ ከመጫወት ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ። ምህንድስናውም አልባከነም። ስፒከሩ ወዴት መዞር እንዳለበት፣ ማይኩ ለምን እንደሚጮህ ስፈትሽ፣ እዚህ የተማርኩት አብሮኝ ነው።

አባቴ ከማረፋቸው በፊት አንድ እሁድ መጡ። ከኋላ፣ ከእናቶቹ አጠገብ ተቀመጡ። ስንወጣ «አንተን እንኳ አልሰማሁህም፤ የሰማሁት ሰዉን ነው» አሉኝ። ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልጠየቅኳቸውም። እኔ ግን እንደ ምርቃት ተቀብየዋለሁ።

መምህሮቻችን፣ ነገም አንድ ተማሪ ቢሯችሁ መጥቶ ከትምህርቱ ውጭ ልቡን የሳበውን ነገር ይነግራችሁ ይሆናል። «ምን ልትበላ ነው?» ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ «ጨርስና ሂድ» በሉት። እኔን የጠቀመኝ ይኸው ነው።