የካሱቢ ቤትና የመምህሩ ጥያቄ



በካምፓላ ከተማ በቡጎሎቢ ሠፈር የሚያስተምር መምህር፣ ለተማሪዎቹ ታሪክን በዓይን የሚያሳይበት ቦታ አያጣም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1908 የተመሠረተው የኡጋንዳ ሙዚየም የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ይዟል፤ ከከተማው ወጣ ብሎም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በ1898 የተቋቋመው የእንቴቤ የዕፀዋት ሥፍራ ይገኛል።

ይልቁንም ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው የካሱቢ ኮረብታ ነው። የቡጋንዳው ንጉሥ ቀዳማዊ ሙቴሳ በ1882 ያሠሩት ቤተ መንግሥት በ1884 ሲያርፉ መቃብራቸው ሆነ፤ ከእርሳቸው በኋላም ሦስት ነገሥታት በዚያው ተቀብረዋል። በሣር ክዳኑ ውስጥ ያሉት 52 ቀለበቶች የቡጋንዳን 52 ጎሣዎች ይወክላሉ። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ዳሩ ግን ማርች 16 ቀን 2010 ታላቁን ቤት እሳት በላው።

ቤቱን መልሶ ለማቆም ገንዘብ ብቻውን አልበቃም። የክዳኑ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የንጌዬ ጎሣ ድርሻ በመሆኑ፣ ጥበቡን ከአባቶቹ የወረሰ እጅ ያስፈልግ ነበር። ሥራው ብዙ ዓመት ከፈጀ በኋላ ዩኔስኮ በ2023 ካሱቢን ከአደጋ መዝገብ አወጣው።

ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ወደ ታሪክ ሥፍራ ሲወስድ፣ ዓመተ ምሕረት አስጽፎ አይመለስ። «ይህን ማን ሠራው? ቢፈርስ ዛሬ ማን ይሠራዋል?» ብሎ ይጠይቃቸው። በካሱቢ መልስ የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል። በኢትዮጵያም የሣር ክዳን ሥራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ ልጆች ሄደው ይጠይቋቸው።