ቺሂሪንን ማን አፈረሳት?

የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቺሂሪን በዩክሬን፣ በቸርካሲ ክፍለ ሀገር፣ በትያስሚን ወንዝ ዳር ያለች፣ ነዋሪዋ 10,000 የማይሞላ ከተማ ናት። መጀመሪያዋን እሮጥበታለሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኮሳኮች ሰፈር ነበረች፤ በ1592 ራሷን በራሷ የማስተዳደር መብት አገኘች፤ በ1648 ቦህዳን ክሜልኒትስኪ በፖላንድ ላይ ሲያምፅ መናገሻው አደረጋት። ይህ የማንም መጽሐፍ ላይ አለ።

እኔን ያከረመኝ 1678 ነው። በ1677 የቱርክ ጦር ከቧት ሳይሆንለት ተመለሰ። በዓመቱ ታላቁ ቬዚር ቃራ ሙስጠፋ ራሱ መጣ። ምሽጉን ለሞስኮ የሚጠብቀው አዛዥ ርዤቭስኪ በቦምብ ሲሞት መከላከሉ በስኮትላንዳዊው ጄኔራል ፓትሪክ ጎርደን ላይ ወደቀ። የሞስኮው ልዑል ሮሞዳኖቭስኪና የኮሳኮቹ መሪ ሄትማን ሳሞይሎቪች ግን ትልቅ ጦር ይዘው አጠገቧ ሰፍረው ሳለ፣ ጥቂት እርዳታ ከመላክ በቀር አልተነቃነቁም። ለምን?

አንደኛው ወገን የልዑሉ ልጅ አንድሬይ በክሪሚያ ታታሮች እጅ ስለነበር አባት ከተማዋን በልጁ ነፍስ ለወጠ ይላል። ማራኪ ወሬ ነው። ነገር ግን ልጁ የተማረከው በ1668 ነው፤ በ1677 አባትየው ያችኑ ከተማ ሲያድን ልጁ እዚያው እስር ላይ ነበር! ሌላው ወገን ጦሩ ደክሞ ነው ይላል። ካርታ ሳያዩ የጦርነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ኪየቭ ስማር የውጭ ተማሪ ከከተማ ለመውጣት ፈቃድ ያሻው ነበር፤ ደጅ ጠንቼ አግኝቼ የምሽጉ ተራራ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆኖ ወንዙን ቁልቁል ያየ ሰው ርቀትን ሰበብ አያደርግም።

እንግዲህ ልሰብስበው። ጦሩ ቅርብ ነበር፤ የልጁ ምርኮ በ1677 አላገደውም፤ ድካምም ቢኖር ብቻውን አያስረዳም። የቀረን ከሞስኮ ለሮሞዳኖቭስኪ የመጣ ምስጢራዊ ትእዛዝ ነው፦ መያዝ ካልተቻለ ሰዉን አውጥታችሁ ከተማዋን አፍርሱ። አፍርሱ የተባለ አዛዥ ለማዳን ሠራዊቱን አያስጨርስም። በነሐሴ ጎርደን ለባሩዱ ግምጃ ቤት እሳት አዘጋጅቶ ወጣ፤ ምሽጉ ፈነዳ። ስለዚህ ከበባው የቱርክ ነው፤ የማፍረሱ ውሳኔ ግን የሞስኮ ነው።

ሰብሳቢው ሰዓት እያሳዩኝ ነው። በ1681 የባኽቺሳራይ ውል ድኒፐርን ድንበር አደረገ፤ አካባቢው ባድማ ሆነ። በ1793 ሩሲያ ወሰደችው። በ1923 ቺሂሪን የወረዳ ዋና ከተማ ሆነች። አጠገቧ የተጀመረው የኒውክሌር ማመንጫ ከቼርኖቤል በኋላ በ1989 ቆመ። በ2020 ወረዳው ታጥፎ ከቸርካሲ ወረዳ ጋር ተቀላቀለ። ስለ ማመንጫው የሚጠይቅ ካለ በሻይ ሰዓት እንነጋገር።